ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንደኛው

ሥራው መጠበቅ ነበር። ሰው ሲጠይቀው «ቲምፓኒ እመታለሁ» ይላል እንጂ፣ ሐቁ ይነገር ከተባለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ የበላው በመጠበቅ ነው። የቫዮሊኖቹ እጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያርፍም። እሱ ግን ከሁሉም ጀርባ፣ ከፍ ባለችው የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ የመዳብ ከበሮዎች ፊት ተቀምጦ ዝምታ ይቆጥራል። ሠላሳ ስምንት ሜዠር፣ ማለትም የሙዚቃ ስፍር፣ ዝም፤ ከዚያ ሁለት ምት። እንደገና ስድሳ አራት ዝም፤ ከዚያ አንድ። መሐል ላይ አንዲቷ ካመለጠችው አለቀለት፤ አርባ ሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ብቻውን ወደ ግራ ነው። ስለዚህ በከንፈሩ ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ሲደክመው በእግሩ አውራ ጣት፣ ጫማው ውስጥ ይቆጥራል። ባልደረቦቹ «ቆጠራ» አሉት፤ ጠጉሩ ሲሸብት «ጋሽ ቆጠራ» ሆነ።

ወደ ሙያው የገባው በድስት በኩል ነው። አባቱ መዳብ ቀጥቃጭ ነበሩ። አንድ ቀን የከተማው ኦርኬስትራ ዕቃ ተሸካሚዎች አንደኛውን ቲምፓኒ ደረጃ ላይ ለቀውት ሆዱ ተሰረጎደና አቃኑልን ተብሎ ሱቃቸው መጣ። አባትና ልጅ ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያደረጉ፣ ሁለት ቀን ፈጅተው አቃኑት። ልጅየው ሊያስረክብ ሄዶ ቆዳው ሲወጠርለት ቆሞ አየ። የዚያን ጊዜው መቺ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ግን ጆሯቸው ገና ያልደከመ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቆዳው ላይ ተደፍተው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «ድምፁ ወርዷል» አሉ ለራሳቸው። ልጁ ሳይጠየቅ፣ አልወረደም፤ በዚህ በኩል ብቻ ነው የላላው ብሎ ጣቱን ቦታው ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና ያንን በኩል አጠበቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንበሩን ለቀቁለት። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ፣ ልጄን ድስት አድርስ ብዬ ብልከው እዚያው ቀረ እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያወሩ ነበር።

ሚስቱ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ ልታየው መጣች። ነጭ ሸሚዙን ጠዋት ተኩሳ፣ ከሰዓት ደግሞ አንገትጌው ተጨማድዷል ብላ እንደገና ተኩሳው ነበር። የዚያን ቀን የቀረበው ሥራ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ እሱ የሚመታው በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ነው። ወደ ቤት ተመልሰው በር ላይ ሲደርሱ «ቆይ እስቲ፣ ለዚህ ነው ሸሚዙን ሁለት ጊዜ የተኮስኩት?» አለችው። እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ጫማዋን እያወለቀች፣ ከእንግዲህ የምመጣው ብቻህን የምትመታበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ጥራኝ አለችው።

ለእሷ ቀልድ ነበር፤ እስከ ማግስቱም ረስታው ይሆናል። እሱ ግን ያዘው። አንዳንድ ሰው በቀልድ የተነገረውን ነገር እንደ አደራ ይይዛል፤ ያስቸገረውም ይኸው ነው። ቲምፓኒ መቺ ደግሞ ብቻውን የሚመታበት ቀን ከየት ያመጣል?

አንድ ቦታ አለ።

ሃይድን የሚሉት የጥንት ሙዚቃ ደራሲ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ የመኳንንት ቤት ሲያገለግል ኖሮ፣ ስድሳ ሊሞላው ሲል፣ ሌላው ሰው ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ መሞቅ በሚያምረው ዕድሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ሲምፎኒዎች ጻፈ። ልጅ ሳለ በሰልፍ ላይ ከበሮ መትቷል ይባላል። ጋሽ ቆጠራ ይህን ሲሰማ አልገረመውም። ምክንያቱም ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንደኛው የሚጀምረው በቲምፓኒ ነው። ከሌላው ጋር አይደለም፤ ብቻውን። በሁለተኛው ሲምፎኒ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እንቅልፋሙን አድማጭ ከወንበሩ የሚያስነሳ ድንገተኛ ምት አለ፤ እሱን ግን አርባውም ሰው በአንድ ላይ ነው የሚመታው፤ በሠርግ ላይ እንደሚጨበጨብ ጭብጨባ ነው፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። በአሥራ አንደኛው መጀመሪያ ግን ቫዮሊኑም መለከቱም አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላው ይጠብቃል። መቺው ሁለቱን መምቻዎች እያፈራረቀ ያንደረድራል፤ ሙዚቀኞቹ ሮል ይሉታል። ከዚያ በኋላ ነው ወፋፍራሞቹ ባሶች፣ ሰው የሚያክሉት ትልልቅ ቫዮሊኖች፣ ከሥር ቀስ ብለው የሚገቡት። ያው ሮል የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል አንድ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። በቃ። በሕይወቱ ያለችው ሁለት ሮል ናት።

ሲምፎኒዋ ግን አልመጣ አለች። በገባበት ዓመት የነበሩት አዛውንት መሪ አሥራ ሁለቱንም በተራ፣ በዓመት አንድ አንድ እናቀርባለን ብለው ጀመሩ። እሱ በጣቱ ቆጥሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ ምን አላት አለ። ሰባተኛው ላይ መሪው ሞቱ። ተተኪው የሌላ ሰው ሥራ ከመሐል አልቀጥልም ብሎ ከአንደኛው ጀመረ፤ ዘጠነኛው ላይ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ከዚያ የአዳራሹ ጣሪያ አፈሰሰና ለሁለት ዓመት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንደኛው ሁለት ጊዜ በፕሮግራም ታትሞ ወጥቷል። አንዱን ጊዜ ሁለቱም ቀንድ ነፊዎች በአንድ ሳምንት ታመሙ፤ ሁለተኛውን ጊዜ መብራት ጠፋ። ባሱን የሚጫወተው ጓደኛው፣ ቁመቱ ከባሱ ስለሚበልጥ «ረጅሙ» የሚሉት፣ አንተ ሰውዬ ይቺን ሲምፎኒ ማን ነው ያስጠነቆለብህ ይለው ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሚስቱ ከሃምሳ ስፌት መኪና መሐል ተቀምጣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰፋች። ሃምሳ መኪና በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጮህ ምን እንደሚመስል ገብቶ ያላየ አያውቀውም። ጡረታ ስትወጣ ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ሸለማት። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እሷ አትሰማውም። ጆሮዬን ወስደው ሰዓት ሰጡኝ፣ ንግድ ማለት ይሄ ነው ትላለች። አምና ሐኪሙ ቀኝ ጆሮዋ እንደሄደ፣ ግራውም እየተከተለው እንደሆነ ነገራት። ስንት ጊዜ አለው ብላ ብትጠይቀው፣ እናቴ እሱን ማወቅ አይቻልም አላት።

ጋሽ ቆጠራ ስድሳ ሞልቶት በክረምቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው። የዓመቱ ማብቂያ ፕሮግራም ሲለጠፍ ከሁሉ በላይ የተጻፈው አሥራ አንደኛው ነበር። እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። እቤት ገብቶ ከሚስቱ በግራ በኩል ተቀመጠና ነገራት። የረሳችው መስሎት ነበር፤ እሷ ግን «ብቻህን?» አለችው ወዲያው።

*

መሪው አዲስ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። ሰው አይቆጣም። ጋሽ ቆጠራን ያስቸገረውም ይኸው ጨዋነቱ ነው፤ ከሚጮህ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

በመጀመሪያው ልምምድ ጋሽ ቆጠራ መምቻውን አንሥቶ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆዱ የያዘውን ሮል ለቀቀው። አቧራ ከጣሪያው የረገፈ መሰለ። መሪው እጁን አወረደና ፈገግ አለ። በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን ቀስ ይበሉ ጋሼ አለው። ቀስ አለ። አሁንም ቀስ። ለስላሳውን መምቻ አወጣ። አሁንም። የጥጥ ያህል የሚለሰልሰውን፣ በዓመት አንዴ የማይነካውን አወጣ።

«ከምንም እንዲመጣ ነው የምፈልገው፣ ጋሼ» አለ መሪው። «አድማጩ መቼ እንደተጀመረ ማወቅ የለበትም። ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ።»

«ነጎድጓድ ከሩቅም ቢመጣ ይሰማል።»

ረጅሙ ከባሱ አንገት ጀርባ፣ እንዳይሰማ ከሆነማ እቤትህ ሆነህ ምታው፣ ታክሲም ይቀርልሃል ሲል አንሾካሾከ።

ያን ጊዜ ነው መሪው ጨርቁን ያየው። ጨርቁ የጋሽ ቆጠራ የሥራ ልማድ ነው። ቲምፓኒ ማንም ሳይነካው ያጉረመርማል፤ መለከት ሲነፋ፣ ባስ ሲገዘገዝ ቆዳው አብሮ ይንዘረዘራል። ስለዚህ መቺ ሁሉ በዝምታው ጊዜ ቆዳው ላይ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። እሱ የሚጥለው ከሚስቱ አሮጌ ካፖርት የተቆረጠ፣ ዳሩን እሷ ራሷ የቀመቀመችለት ወፍራም ጨርቅ ነው። ተራው ሲደርስ አንሥቶ ጭኑ ላይ ያኖረዋል። መሪው በጣቱ አመለከተና፣ እስቲ አያንሱት፣ ከነጨርቁ ይምቱት አለ።

ከነጨርቁ መታው። ድምፁ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ፍራሽ የሚያራግፍ ይመስል ነበር። መሪው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «ይሄ ነው» አለ። ሁለተኛው ሮል ሲደርስ ደግሞ ጨርቁን መልሶ ለመጣል ጊዜ የለም፤ ኦርኬስትራው በሙሉ ድምፁ እየጮኸ መጥቶ ድንገት ነው ቀጥ የሚለው። መሪው ለዚህም መላ አመጣ። እዚህ ላይ አንድ ትንፋሽ እጠብቅዎታለሁ፣ እርስዎ ሲያለብሱት እኔ እጄን አወርዳለሁ አለ።

ጋሽ ቆጠራ በሠላሳ አንድ ዓመት ከሦስት መሪዎች ጋር አንድም ቀን ቃል ተመላልሶ አያውቅም። የዚያን ቀን ተነሥቶ ቆመ። ቤቱ፣ የቁም ሣጥኑ በር ውስጥ፣ ሟቹ መሪ የሰጡት ወረቀት ተለጥፏል፤ ሃይድን በገዛ እጁ የጻፈው የዚያ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ገጽ ቅጂ ነው። ሮሉ እዚያ አለ። ከሥሩ ግን ምንም የለም።

«ሽማግሌው ሃይድን ቀስ በል አላለም» አለ።

«ጮክ በልም አላለም፣ ጋሼ።»

«እኮ! ለመቺው ተወለት ማለት ነው።»

«ለመሪው ተወለት ማለትም ይሆናል።»

አርባው ሰው ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው፤ መልሱ ጥሩ ስለነበረ ነው። ጋሽ ቆጠራ ተቀመጠ። የሚመልሰው ነገር የመጣለት አውቶቡስ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም የሚመጣለት አውቶቡስ ላይ ነው።

ረጅሙ፣ ለምን እቅጩን አትነግረውም፣ ልጁ ልብ አለው አለው። ጋሽ ቆጠራ ሁለት ጊዜ እስከ መሪው ቢሮ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሚስቴ እየደነቆረች ነው፣ ለእሷ ስል ሃይድንን ልጩህበት ብሎ ለአንድ የተማረ ሰው እንዴት ይነገራል? በሦስተኛው ገባ። ከሁሉ ያነሰውን ቃል መርጦ፣ የሚመጣ እንግዳ አለኝ፣ ጆሮዋ ትንሽ ያስቸግራታል አለ። መሪው ወዲያው ከወንበሩ ተነሣ። ይሄማ ቀላል ነው አለ፤ መሳቢያውን ከፍቶ የፊተኛውን ረድፍ፣ ልክ መሐሉን፣ ሹማምንት የሚቀመጡበትን ትኬት አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው።

ጋሽ ቆጠራም በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አመሰገነ። ከፊተኛው ረድፍ እስከ ቲምፓኒው ድረስ መሐል ላይ አርባ ሰው አለ። በአዳራሹ ውስጥ ለቫዮሊን ከዚያ የቀረበ፣ ለቲምፓኒ ከዚያ የራቀ ቦታ ለማግኘት ቢፈለግ አይገኝም።

ሌላ መላ ነበረው። ከርብራቡ ጀርባ፣ ከእሱ ሁለት ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ፣ ድሮ መዘምራን የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። እዚያ ብትቀመጥ ከነጨርቁም ትሰማው ነበር። የአዳራሹን ኃላፊ ለመነው። ኃላፊው ቁልፎቹን ከጣት ጣቱ እያዘዋወረ፣ ከመድረክ ጀርባ ተመልካች አይቀመጥም፣ ደንብ ነው አለ። ማን ያወጣው ደንብ?

«እኔ እንጃ። ስመጣ ነበረ» አለ ኃላፊው። ደግሞም አግዳሚው ላይ የተሰበሩ ወንበሮች ተቆልለዋል፤ የሚያነሣቸው ሰው ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። እኔ ላንሣቸው አለ ጋሽ ቆጠራ። እርስዎማ የሙዚቃ ክፍል ነዎት፤ ወንበር የዕቃ ክፍል ነው። ጋሽ ቆጠራ ከዚያ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና፣ ማንም ሳይሰማው፣ በሕይወቱ ያልተሳደበውን ስድብ ተሳደበ።

ለሚስቱ ስለ ጨርቁ አልነገራትም። ቅዳሜ ማታ ሸሚዙን ስትተኩስ በር ላይ ቆሞ አያት። አንገትጌውን ገልብጣ፣ ውሃ ረጭታ፣ እንደገና ተኮሰችው። የቱ ጋ ነው የምትመታው ብላ ጠየቀችው። ገና ሲጀመር፣ ቁጭ እንዳልሽ እኔን እዪ፣ ከሁሉም በፊት ነኝ አላት። ከሁሉም በፊት አለች ለራሷ፤ ካውያውን እያቆመች ፈገግ አለች። ልንገራት አለ በሆዱ። አልነገራትም።

*

እሑድ ዘነበ። ሰዉ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ፤ አዳራሹ እርጥብ ሱፍ እርጥብ ሱፍ ሸተተ። ጋሽ ቆጠራ ቆዳው እንዳይወርድበት ከቲምፓኒው ላይ ተደፍቶ አራት ጊዜ አጠበቀው። ቀና ሲል አያት። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቁማ፣ ግራ ጆሮዋን ትንሽ ወደ መድረኩ አዘንብላ፣ ዓይኗን ካርባው ሰው አሻግራ እሱ ላይ ተክላለች። በቀኟ ያሉት ትልቅ ሰው የሆነ ነገር አሏት፤ አልሰማቻቸውም።

መሪው ገባ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ዝም ተባለ። መሪው ወደ እሱ ተመለከተ፣ ዓይኑን ወደ ጨርቁ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ አየና እጁን አነሣ።

መታ። ከነጨርቁ።

የታዘዘውን በደንብ ነው የሠራው፤ ክፉ መሥራት አያውቅበትም። ከምንም መጣ፤ ትንሽ አበጥ አለ፤ ወደ ምንም ተመለሰ። መሪው ዓይኑን ጨፍኗል። ጋሽ ቆጠራ ግን ሚስቱን ነበር የሚያየው። ሁለቱ እጆቹ እየተንቀሳቀሱ እሷ ትጠብቃለች። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር ፊቷ፤ አልከፋትም፣ አልሰለቻትም፣ ገና ነው ብላለች። ባሶቹ ገቡ። እነሱንም የሰማቻቸው አይመስልም። ቫዮሊኖቹ ሲነሡ ነው ደንገጥ ብላ ወደ እነሱ ያየችው። ከዚያ መልሳ ወደ እሱ። ቅንድቧን ከፍ አደረገች። መቼ ነው? ማለቷ ነው።

ጨርቁን አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ፈጣኑ ክፍል ተጀመረ። ይቆጥራል፤ ይመታል፤ ይቆጥራል። ከሁሉም ጋር ሲመታ ሚስቱ ወደ እሱ አታይም ነበር፤ ፕሮግራሙን ገልብጣ ከኋላው የተጻፈ ነገር እንዳለ ትፈልጋለች። ተናደደ፤ ንዴት ብቻ ግን አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ሲል የቆጠራት እያንዳንዷ ሜዠር ተጠራቅማ ቆይታ አሁን በአንድ ላይ የመጣችበት ዓይነት ነገር ነበር። ቆጠራውን ግን አልሳተም። ሲናደድም ይቆጥራል።

ኦርኬስትራው እየጮኸ፣ እየጮኸ መጣና ቀጥ አለ።

መሪው እንደ ቃሉ አንድ ትንፋሽ ጠበቀው። እጁ አየር ላይ ነው፤ ዓይኑ ጨርቁ ላይ። ጋሽ ቆጠራ ጨርቁን ከጭኑ አነሣ። ወደ ቆዳው ወሰደው። ከዚያ ጎን ላይ ለቀቀው። መሬት ሲደርስ እንዳያነሣው በጫማው ረገጠው። መምቻውን ለወጠ፤ ለስላሳውን ትቶ ጠንካራውን አነሣ። መሪው ይህን ሲያይ አፉን ትንሽ ከፈተ፤ እጁ ግን ወርዷል።

ይህ ሮል ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር። መጀመሪያ የዞሩት ቼሎ ተጫዋቾቹ ናቸው። በፊተኛው ረድፍ የአንድ ሰው ጃንጥላ ወደቀ። መሪው የግራ መዳፉን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ፤ ጋሽ ቆጠራ መዳፉን እያየ ከፍ አደረገው። የመዳቡ ሆድ፣ አባቱ በእንጨት መዶሻ ያቃኑት፣ ከነሙሉ ድምፁ ጮኸ። ከሰማያዊው ቀሚስ በላይ አንድ ፊት ቀና አለ። አፏን በእጇ ያዘች።

ሰማች!

እጁ ቆዳው ላይ አረፈ፤ ድምፁ ቆመ። ባሶቹ መግባት ነበረባቸው፤ ረጅሙ በሳቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ምት ዘግይቶ ገባ።

ሲያልቅ መሪው ከመድረኩ በስተጀርባ ጠበቀው። ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን አሁንም ጨዋ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁለተኛው ላይ ጨርቁ ወደቀብዎት፣ አይደል ጋሼ አለው። ሰው እንዳያፍር የሚከፈት በር ነበር። ጋሽ ቆጠራ አልወደቀም ለማለት አፉን ሲከፍት፣ መሪው እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ ሊጨብጡት ወደመጡ ሰዎች ዞሯል። እንዲህ ነው እንግዲህ። ሰው አንድ ጊዜ አምፆ፣ ያመፀ መሆኑን እንኳ የሚያምንለት ያጣል።

ሚስቱ ደጃፉ ላይ፣ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። በግራዋ በኩል ሄዶ ቆመ። ክንዱን ያዘችው፤ ጠበቅ አድርጋ።

«አይዞህ» አለችው።

«ምኑን?»

«ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይህ እኮ ልቤ ቀጥ አለ። ምን ታደርግ፣ ሰው ነህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ብትሳሳት ምን አለበት?»

ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይመታል።

«ብቻህን የምትመታውን ደግሞ ለምን ሰረዙት?» አለች። «እኔ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ።»

«ያ ነው» አላት። አልሰማችውም። ያ እኮ ነው፣ ብቻዬን የመታሁት እሱ ነው አለ ጮክ ብሎ። በአጠገባቸው የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩት። መኪና ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። ሚስቱ ፊቷን ቀረብ አድርጋ፣ ከከንፈሩ ልታነብ ሞከረች። ሦስተኛ ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ግን የቱን ይናገር? የመጀመሪያው ሮል ጨርቅ ሥር እንደቀረ፣ ጨርቁም የካፖርቷ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ስሕተት እንዳልነበረ፣ ይህን ሁሉ በዝናብ፣ መንገድ ላይ፣ እየጮኸ?

«አዎ» አላት፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ሰረዙት።»

ሰነፎች አለች።

አውቶቡሱ ላይ ቦታ አገኙ። ሁለት ፌርማታ ሄዱ። ከዚያ ሚስቱ መስኮቱን እያየች፣ ለእሱ ይሁን ለራሷ ሳይለይ፣ ጮክ ማለቷን ሳታውቀው፣ «ግን ያ የተሳሳትከው» አለች፣ «ድምፁ ደስ ይል ነበር። እዚህ ነው የገባው» ብላ እጇን ከጡቷ በታች አኖረች። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞረና መልሶ ፊቱን አዞረ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቆጠራ ቁልፉን፣ መምቻዎቹንና ኖታውን ሊያስረክብ ሄደ። በዚያ ቤት የቆየ ልማድ አለ፤ መቺ አንድ ሥራ ከተጫወተ በኋላ ከኖታው መጨረሻ ገጽ፣ ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ ቀኑንና አንድ ሁለት ቃል ይጽፋል። የአሥራ አንደኛው ኖታ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፤ የጻፉት ጥርሳቸው ያለቀው ሽማግሌ ናቸው። «ዝናብ። ቆዳው ወረደ። መሪው ተቆጣ» ይላል።

እርሳሱን አነሣ። ማታ አልጋው ላይ ተኝቶ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ሃይድን ምንም እንዳልጻፈ፣ ጨርቅ ማልበስ ነውር እንደሆነ፣ ከጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ የተቆለለው ወንበር እንዲነሣ። ቦታው ግን ሁለት ጣት አይሞላም። ቀኑን ጻፈ። ከሽማግሌው ጽሑፍ ሥር «ዝናብ» አለ እሱም። ከዚያም፦ «ሁለተኛውን ሰማችው።»

ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህን የሚያነብ መቺ ማን ሰማች፣ ምኑን ሰማች ብሎ ግራ ይገባዋል። ይግባው።